ዱሉዝ ላይ የተሰጠኝ ኮፍያ እና 22 መልሶች

ባለፈው እሑድ ማታ የኢንተርኔት መድረካችን ላይ አንድ ጥያቄ ጣልኩ። ቦታው የእኛ የመርከበኞችና የወዳጆቻችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ኮንትራት፣ ስለዘገየ ደመወዝ እና ስለ ሰርተፍኬት እድሳት ነው። እኔ የጻፍኩት ግን ስለ አንድ የሱፍ ኮፍያ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ላይክ አድርጎ ያልፈዋል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 9 መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ። እስከ ረቡዕ 22 ደረሰ። ያልተከታተላችሁ ስላላችሁ በአጭሩ፣ እሺ በአጭሩም ባይሆን፣ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የኔን ጽሑፍ። ባሕር ዳር ሰልጥኜ የመጀመሪያ ኮንትራቴ ላይ ነበርኩ፤ የኢንጂን ካዴት፣ ማለትም የሞተር ክፍል ተለማማጅ። መርከባችን ስንዴ ልትጭን ወደ ዱሉዝ ታዘዘች። ዱሉዝ ያለው ሚኒሶታ፣ አሜሪካ መሃል ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይርቃል። መርከብ እዚያ የሚደርሰው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነው። ከሞንትሪያል እስከ ኦንታሪዮ ሐይቅ 7 የውኃ በር አለ፣ ዌላንድ ቦይ ላይ 8፣ ሱፒሪየር ሐይቅ መግቢያ ላይ 1። ትገባለህ፣ በሩ ከኋላህ ይዘጋል፣ ውኃው ይሞላል፣ መርከቧ ከነጭነቷ ከፍ ትላለች። 16ቱን ስትጨርስ ከባሕር ጠለል 183 ሜትር ላይ ነህ። ለሚያየው ያምራል። ኢንጂን ሩም ላለ ሰው ግን እንቅልፍ የለም። ሞተር አስነሳ፣ ሞተር አቁም፣ እንደገና አስነሳ። ዌላንድን ስንጨርስ ቁሜ ተኝቼ ነበር።

ዱሉዝ ስንደርስ ደግሞ ዝናብ። እህል በዝናብ አይጫንም፤ የመጫኛው ክዳን ከተከፈተ ስንዴው ይበሰብሳል። ስለዚህ ሐይቁ ላይ መልህቅ ጥለን አምስት ቀን ጠበቅን። ማታ ማታ የከተማው መብራት ይታያል። የሰው ቤት መስኮት ሁሉ ይለያል። ወርዶ መሄድ ግን የለም። ጣናን ባሕር የሚለው የኔ አገር ሰው ሱፒሪየርን ቢያይ ምን እንደሚል አስብ ነበር። ከጣና ከ25 ጊዜ በላይ ይሰፋል።

በስድስተኛው ቀን ገባን። በወደቡ አፍ ላይ ወደ ላይ የሚነሳ ትልቅ የብረት ድልድይ አለ። እኛ ጥሩምባ ነፋን፣ ድልድዩም በጥሩምባ መለሰልን። ዳር ላይ በዚያ ብርድ ሰዎች ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ለማን እንደሚያውለበልቡ ግራ ገብቶኝ ዘወር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም የለም።

ኅዳር ነው። እኔ የለበስኩት የሸራ ጫማና የሥራ ቱታ። መሰላሉ ሥር አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ነጭ ሚኒቫን ይዘው ቆመዋል። በአብያተ ክርስቲያናት ከሚረዳው የመርከበኞች ማረፊያ የመጡ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። ፈረቃችን እስኪደርስ አምስት ሰዓት ነበረን። አራታችንን ጭነው ወደ ገበያ ወሰዱን። ጫማዬን አይተው ምንም አላሉም። ስንመለስ ግን አንድ ከረጢት ሰጡኝ፦ በእጅ የተሠራ ሰማያዊ የሱፍ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሳሙና። ቪዛ ስላልነበረው ከመርከብ መውረድ ለተከለከለው የምያንማር ልጅም ሌላ ከረጢት ላኩ። ስሙን ጠይቀው ላዩ ላይ ጻፉለት።

ያልረሳሁት ግን ኮፍያውን አይደለም። ማረፊያው ውስጥ ዋይፋዩ እምቢ ሲለኝ የራሳቸውን ስልክ ከፍተው ሰጡኝ። እዚያ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ደብረ ታቦር ከሌሊቱ 11። እናቴ ለኪዳን ልትወጣ ነጠላዋን እየለበሰች አነሳችው። የማን ስልክ እንደሆነ ስነግራት ካላገናኘኸኝ አለች። አገናኘኋት። እናቴ በአማርኛ መረቀች፣ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ መለሱ። እናቴ እንደገና መረቀች። እንዲህ እየተባባሉ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ። አንዳቸውም የሌላዋን አንድ ቃል አልሰሙም።

ስወርድ አድራሻቸውን በካርድ ጽፈው ሰጡኝ። በሁለተኛው ሳምንት ካርዱን ከቱታዬ ጋር አጠብኩት። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነበር፦ እናንተንስ በማታውቁት ወደብ ማን ተቀበላችሁ? ውለታውንስ መልሳችሁ ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከእኔ ሁለት ባች በኋላ ከጨረሰ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንድም ጋሼ እያለ ነው የጻፈልኝ፤ ገና 34 ዓመቴ መሆኑን አላወቀም። እሱም ኒው ጀርሲ፣ ኒዋርክ ወደብ ላይ ተመሳሳይ ኮፍያ እንደደረሰው ነገረን። እዚያ በፈቃደኞች እየተሠራ በገና ሰሞን ለመርከበኛ የሚታደለው የሱፍ ልብስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1898 ጀምሮ ያልተቋረጠ ሥራ መሆኑን ማረፊያው ግድግዳ ላይ አንብቧል። የእሱ ኮፍያ ውስጥ የሠራችው ሴት መልካም ጉዞ የምትል ብጣሽ ወረቀት ነበረችበት። ውለታ መመለሱን በተመለከተ ዝም ብሎ አልፏል። ሁለተኛው መልስ አንድ መስመር ነበር። የኮፍያውን ፎቶ ጠየቀ። ያልሰማሁ መሰልኩ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትሰማላችሁ።

ሦስተኛው አራሚ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት የውይይት ክር አይቼ አላውቅም። ዌላንድ ላይ 8 በር ማለቴን አልወደደውም። ስምንተኛው የሐይቁን ከፍታ ለማመጣጠን ያለ ነው፣ መርከብ ከፍ የሚያደርገው ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ እውነተኛውን ሽቅብ የሚወጡት ሰባቱ ናቸው። ልክ ነው። መርከቧ ግን እሱም ላይ ትቆማለች፣ እኔም እሱም ላይ አልተኛሁም። ቀጥሎ ስለ ኅዳር ማዕበል ጻፈ። ኅዳር 1975 በፈረንጅ አቆጣጠር ከዱሉዝ ማዶ ካለው የሱፒሪየር ከተማ የብረት ማዕድን ጭና የወጣችው ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ በማግስቱ ሐይቁ ውስጥ ሰጥማ 29ኙም ሠራተኞቿ አልቀዋል። የከተማው ሰው ለመርከበኛ የሚያውለበልበው በከንቱ አይደለም ባይ ነው። ይህቺን ከእርማቱ ይልቅ ወደድኳት።

አራተኛው መልስ ላይ አየሩ ተቀየረ። ጸሐፊው ዘጠኝ ዓመት በባሕር ላይ የሠራ ሰው ነው። እንደ እሱ ከሆነ ወደብ ላይ ያየው አጭበርባሪ ከደግ ሰው በአሥር እጥፍ ይበልጣል። በአንድ ወደብ ለአራት ኪሎ ሜትር መንገድ 60 ዶላር ከፍሏል። በሌላው የገዛው ሲም ካርድ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ሞተ። እኛ የአንዲት አሮጊት ኮፍያ ይዘን ስናለቅስ ስቆብናል። ከዚያም የእናቴን ምርቃት ድራማ አደረገው። እዚህ ላይ ትንሽ ተናደድኩ። መልስ ጽፌ አጠፋሁት።

አምስተኛው እንደ እኔ ጽፎ ሳይሰርዝ መለሰለት። ባለታክሲው ስግብግብ ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱም የሚያውቀን ለአራት ሰዓት ብቻ ነው። ዱሮ መርከብ ወደብ ላይ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆም ነበር፤ መርከበኛው ቡና ቤት ይለምዳል፣ ባለሱቁ በስሙ ይጠራዋል። ኮንቴይነር ከመጣ ወዲህ በክሬን ተራግፈህ በማግስቱ ትሄዳለህ። ተርሚናሉም ከከተማው ርቋል፣ በአጥር ታጥሯል፣ በእግር መውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ከበሩ እስከ ሱቅ የሚያደርስህ ባለመኪና ወይ ይዘርፍሃል ወይ መልአክ ይሆንብሃል፣ መካከለኛ የለውም። ከ22ቱ መልስ የወደቡን ነገር እንደዚህ በደንብ ያስረዳኝ የለም።

ስድስተኛው ጉዳዩን ወደ ሕግ ወሰደው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ደንብ 4.4 መርከበኛ በየብስ ላይ ማረፊያና አገልግሎት ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ኮፍያ ተሰጠኝ ብሎ መደሰት መብትን ወደ ምጽዋት ማውረድ ነው። ሰባተኛው ወዲያው ያዘው፦ አሜሪካ ያንን ስምምነት አላጸደቀችም። ሴትዮዋን ሚኒቫን ይዘው እንዲመጡ ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም። ስድስተኛው ተመልሶ ሊከራከር ሲል ስምንተኛው ገባና ወሬው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ዞረ።

ስምንተኛው ዲያቆን ይመስለኛል፣ አጻጻፉ ይናገራል። ይህ ነገር አዲስ አይደለም አለና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን አመጣ። ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ ማልታ ላይ ስትሰበር የደሴቲቱ ሰዎች በዝናብና በብርድ ውስጥ እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሏቸው። ሦስት ወር አስቀመጧቸው። ስንቅም ሰጥተው ሸኟቸው። ቁጥራቸው 276 ነበር። አንድ መንደር 276 እንግዳ ሲመጣበት አስቡት።

ዘጠነኛው ግን ቀልደኛ ነው። ያ የወደብ ቆይታ ሳይሆን አደጋ ስለሆነ አይቆጠርም አለ። መቁጠር ከፈለግን የራሳችንን እናንሳ፦ የፍሬምናጦስን። መርከቧ ውኃና ስንቅ ልትይዝ ቀይ ባሕር ዳር ቆመች። ይኸውላችሁ፣ ትክክለኛ የወደብ ቆይታ። የአገሩ ሰዎች ወጥተው መርከበኞቹን ፈጇቸው። የተረፉት ሁለት ልጆች ናቸው፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ። አንዱ በኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሆነ። እንግዲህ ስለ ፈረንጅ ደግነት ስናወራ የኛ ዳርቻ ሰው መርከበኛ እንዴት እንደተቀበለም እናስታውስ ነው ነገሩ። ሳቅሁ። ደግሞም ልክ ነው፤ ታሪኩን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከሁለቱ ልጆች ነው፣ ስለሞቱት መርከበኞች ማን አንስቶ ያውቃል?

አሥረኛው የመጣው ከወሎ ልጅ ነው፣ ጂዳ ነው የሚሠራው። እሱ ሚዛኑን መለሰው። በ615 የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሲሰደዱ ሹዓይባ በሚባል ወደብ ሁለት የንግድ መርከብ አግኝተው በግማሽ ዲናር ሒሳብ ተሳፈሩ። የወረዱት እኛ ዳርቻ ነው፣ ንጉሡ ነጃሺም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ሹዓይባ ከሚሠራበት ቦታ ብዙም እንደማይርቅ፣ አንድ ዓርብ ሄዶ ባሕሩን ቆሞ እንዳየው ጻፈ። ምንም የሚታይ ነገር እንደሌለ፣ ግን ወደ ማዶ ሲያይ አገሩ እንደሸተተው። ከዚህ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

አሥራ አንደኛውን ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው ጻፉት። ጡረታ ወጥተዋል። በደርግ ዘመን በአገራችን የንግድ መርከብ ላይ ቦሰን፣ የመርከብ ወለል ሠራተኞች አለቃ፣ ነበሩ። ረጅም ነው የጻፉት፣ ነጥብ አይጠቀሙም፣ ግን ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሳቸውን ነው። ጥያቄዬን ገለበጡት። እሳቸው የሚያስታውሱት የተቀበላቸውን ሰው ሳይሆን አሰብ ላይ ራሳቸው የተቀበሉትን ነው። ነገሩ ሐምሌ ላይ ነው፣ አሰብ ይቃጠላል። ከአንድ የውጭ መርከብ የወረደ ወጣት መርከበኛ ወደቡ በር ላይ ወደቀ። ሙቀቱ ነው የጣለው። ጋሼና አንድ የአፋር ጥበቃ ተሸክመው ቅርብ ወዳለ ቤት አስገቡት። የቤቱ እመቤት ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ አልጋቸውን ለቀቁ፣ አንሶላ በውኃ እያራሱ አለበሱት። ጥበቃው የግመል ወተት አመጣ። ልጁ ማታ ነቃና ደነገጠ፣ የታገተ መስሎት። ቋንቋ የለም። ጋሼ የራሳቸውን የመርከበኛ ደብተር አውጥተው ሲያሳዩት ተረጋጋ። በማግስቱ መርከቡ ተነሳች። ከየት አገር እንደነበረ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ከዚያ በልጅነታቸው የሰሙትን አነሱ። መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፣ ባለቤቱም ቤት ለእንግዳ ብሎ ያስገባል። ማን ነህ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። መርከበኛ ማለት ለጋሼ ሁልጊዜ የመሸበት ሰው ነው፣ ፀሐይ ብትወጣም። ስለ ውለታው የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያ ልጅ ካርድ ቢልክላቸው የት ብሎ ይልክ ነበር? እኔን ከጭንቀቴ ሊያወጡኝ ይሆናል።

ወዮ፣ አሰብ የሚለውን ቃል ማንሳታቸው! አሥራ ሁለተኛው ዘሎ ወደብ አልባነት ውስጥ ገባ። ማን ፈረመ፣ ማን ሸጠ፣ አሰብ የማን ነች። ስለ ወተቱም ስለ ልጁም አንድ ቃል የለም። አሥራ ሦስተኛው ስዊድን የሚኖር አሥመራ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። በጣም ተቆጥቶ ነው የጻፈው። አሰብ ላይ እንግዳ ያስተኙትን ሴት ለአንድ ቀን እንኳ ሴትዮ ሆነው እንዲቆዩ አልፈቀድንላቸውም፣ ወዲያው የካርታ ክርክር አደረግናቸው፤ የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አሥራ ሁለተኛው ሊመልስ ሲል እኔ ገብቼ ይህን ለሌላ ክር እንተወው ብዬ ለመንኩ። ያ ልመናዬ 14ኛ መልስ ሆኖ ተቆጠረ፤ ስለዚህ 22 የምለው የኔም አንዷ ገብታበት ነው።

አሥራ አምስተኛው መርከበኛ አይደለም። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ እንዴት መድረኩን እንዳገኘው እንጃ። መርከበኛ መርከበኛ ስንል የኢትዮጵያ እውነተኛ መርከበኛ እሱ መሆኑን ረሳን። ባሕሩ አስፋልት ነው፣ ወደቡ ጅቡቲ። በጋላፊ ወጥቶ፣ በዲኪል አልፎ፣ ፒኬ 12 በሚባለው የጅቡቲ የመኪና ማቆሚያ ላይ ተራ ይጠብቃል። አንዳንዴ አራት ቀን፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። የተኛው መኪናው ሥር ነው። አንድ ክረምት ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ ረዳቱ ትኩሳት ያዘው። ሻይ የምትሸጥ አንዲት የሶማሌ እናት ከመኪናው ሥር ጎትታ አውጥታ ወደ ዳሷ ወሰደችው። ሦስት ቀን ሻይና የሶማሌ እንጀራ አበላችው። ሒሳብ ሲጠይቋት የልጇ እኩያ መሆኑን ነገረችውና ዞር አለች። እሱ ግን ውለታውን የመለሰ ብቸኛው የክሩ ሰው ነው። በሄደ ቁጥር ሁለት ኪሎ ቡና ይዞላት ይሄዳል። አሁን ሌሎች ሹፌሮችም ይዘውላት መሄድ ጀምረዋል፤ ቡናው በዝቶባት መልሳ ለሾፌሮች ትሸጠዋለች አሉ።

አሥራ ስድስተኛው ስለ ቡና ዋጋ ነው። አልፈዋለሁ።

አሥራ ሰባተኛዋ ስሟን ያልጻፈች ሴት ናት። መርከበኛ ባልሆንም በጀልባ ተሳፍሬ ነበር፣ እቆጠር እንደሆነ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በሌሊት ተነስተው ወደ የመን ባብ ኤል መንደብን ተሻገሩ። ጠባብ ነው፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ማዕበሉን የሚያውቀው የገባበት ነው። ደላሎቹ ጠመንጃ ስለሚፈሩ ዳር ሳይደርሱ ዝለሉ አሏቸው። ውኃው እስከ አንገቷ ነበር። ጫማዋ ሄደ፣ ቀሚሷ ተቀደደ፣ አብራት የነበረችው ልጅ አልወጣችም። ጠዋት ሲነጋ ዓሣ አጥማጆች መጡ። አንድ ሽማግሌ ወገቡ ላይ ያለውን ሽርጥ አውልቆ ለእሷ ሰጣት፣ ውስጡ ቁምጣ ነበር። ውኃ አጠጣትና የማትሄድበትን አቅጣጫ በእጁ አሳያት። በዚያ በኩል የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ያቺን ሽርጥ እስከ አሁን እንደያዘች ጻፈች፤ ከእኔ ኮፍያ በላይ ቀለሟ ለቋል። የመን ራሷ ጦርነት ላይ ነበረች።

ከእሷ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ክሩ ዝም አለ። እኔም የምለው አጣሁ። የእኔን ኮፍያና የእሷን ሽርጥ አንድ ክር ላይ ማስቀመጤ ልክ ይሁን አይሁን እስከ አሁን አላወቅሁም። አሥራ ስምንተኛው የመጣው ማክሰኞ ማታ ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብቻ። ይህችን መጥቀስ ግድ ነው፤ በሌላ ቃል ልናገራት አልችልም።

አሥራ ዘጠነኛው የኮሮናን ጊዜ አነሳ። በ2020 መጨረሻ ወደ 400,000 መርከበኛ ኮንትራቱ አልቆ መርከብ ላይ ቀርቶ ነበር። እሱ አሥራ አራት ወር ቆየ። ከመሰላል መውረድ የሚባል ነገር የለም። አንድ ወደብ ላይ መርከብ የሚያስገባው ፓይለት በማስክ ተሸፍኖ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ፌስታል ይዞ ነበር። ብርቱካን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ትኩስ ዳቦ። የመርከቡ መምሪያ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ወደ ሥራው። ፊቱን አይተውት አያውቁም።

ሃያኛዋ ሚኒያፖሊስ የምትኖር እህታችን ናት፣ በቁጣ ነው የገባችው። ዱሉዝ ከእሷ ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እናንተ አምስት ቀን ሐይቅ ላይ ቆማችሁ ማንም አበሻ አለማወቁ አናደዳት። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ሚኒሶታ ምን ይሠራል? መርከብ በስልክ መተግበሪያ እንደሚከታተሉት አታውቅም ነበር፤ ሦስተኛው አስረዳት፣ ይህ 21ኛ መልስ ሆነ። እርማት የሌለበት ብቸኛ መልሱ ነው። አሁን ማታ ማታ የመርከብ ካርታ እያየች ስለምትተኛ ባሏ ያማርራል። በሚቀጥለው ስትመጡ እንጀራና ሽሮ ይዤ መሰላሉ ሥር እቆማለሁ ባይ ናት። የተርሚናሉ በር ያለ መታወቂያ እንደማያስገባ ነግሬያታለሁ። የኔ ሴትዮ አሁንም እዚያ ካሉ አብረው ይገባሉ፣ ብዬ ጨመርኩ። ስማቸውን ግን ልነግራት አልቻልኩም።

ረስቼው። አራተኛው ሰውዬ ጽሑፉን አርሞ ከታች ጨምሮበት ነበር፣ ቁጥር ስላልተሰጠው ብዙ ሰው አላየውም። ሐሳቡን አልቀየረም። የአሰቧ ሴትዮ አልጋ፣ የሻይ ሻጯ ዳስ፣ የፓይለቱ ብርቱካን፣ ሁሉም ያስፈለገው መሥራት የነበረበት ሰው ስላልሠራ ነው። በኅዳር ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ካዴት በሸራ ጫማ የላከው ማን ነው? ይህንን ጥያቄ እኔ ራሴ በጽሑፌ አላነሳሁትም ነበር። መርከቡ ላይ ሳለሁም አላነሳሁትም። የመጀመሪያ ኮንትራት ነው፣ ማን ይጠይቃል። ስለ እናቴ ያለውን ግን አልሰረዘም፣ እኔም አልረሳሁለትም።

በመጨረሻ ሁለተኛው ፎቶውን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ፣ ይህኛው በውስጥ መስመር። ተሸነፍኩና ለጠፍኩት። ፎቶው ላይ ኮፍያውን ያደረገችው የአራት ዓመት ልጄ ናት። ለእኔ አይገባም። መርከቡ ላይ እያለሁ ከሥራ ልብሴ ጋር በፈላ ውኃ አጥቤው ተሸብሽቦ የሕፃን ጭንቅላት አክሏል። ካርዱን ባጠብኩበት ቀን ማለት ነው።

22ኛው መልስ የጋሼ ነው። ሱፍ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ፣ ሳይጨመቅ እንደሚታጠብና ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ እንደሚደርቅ በዝርዝር አስረዱ። ይህን የማያውቅ ኢንጂነር መርከብ ላይ ማን እንደጫነው ጠይቀው ፈርመው ወጡ።